ምግብና ዘመናዊ አርት፡ ባህር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን የዘመናዊ አርት ፎቶና ቪዲዮ እያየን የምንከራከር ልጆች ነን፣ እና ምግብ ያለበት ሥራ በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ነው ተመልሶ የሚነሳው። የፔዳ ግቢ ተማሪ ይጠይቃል፣ ከፖሊ ግቢ የወጣ ኢንጂነር ይጠይቃል፣ ሻይ ቤት ያላት ልጅ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አጥብቃ ትጠይቃለች። በየጊዜው አንድ አይነት መልስ ከምደግም እዚህ ጻፍኩት። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው።

ምግብና አርት ምን አገናኛቸው?

ድሮም የተገናኙ ናቸው፣ አዲሱ ነገር ምግቡ ራሱ ወደ ጋለሪ መግባቱ ነው። ቫን ጎግ በ1885 ድንች የሚበሉ ገበሬዎችን ሲስል ድንቹ ቀለም ነው፣ ሴዛን ፖም ሲስል ፖሙ ቀለም ነው፣ አይሸትም አይበሰብስም ማንም አንስቶ አይገምጠውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን እውነተኛ ቸኮሌት፣ እውነተኛ አይብ፣ እውነተኛ ሩዝ ይዘው የገቡ አርቲስቶች መጡ፣ ምክንያቱም ምግብ ቀለም የማይችለውን ይችላል፣ ይበላሻል፣ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ደግሞም ማን አበሰለው ማን በላው ማን ጦሙን አደረ የሚለውን ጥያቄ ጎትቶ ያመጣል። ለኔ ጥሩውንና ተራውን ሥራ የሚለየው ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። እሱ ከሌለበት ብዙ ጊዜ ቀልድ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ያ ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈው ሙዝ እውነት ነው እንዴ?

እውነት ነው። ጣሊያናዊው ማውሪዚዮ ካቴላን በ2019 ማያሚ ላይ አንድ ሙዝ በሰፊ ፕላስተር ለጠፈና ስሙን "ኮሜዲያን" ብሎ በ120 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ገዢ የሚያገኘው ሙዙን አይደለም፣ ሰርተፍኬትና እንዴት እንደሚለጠፍ የሚያሳይ መመሪያ ነው፣ ሙዙ ሲጠቁር በሌላ ይቀየራል። እዛው ማያሚ ዴቪድ ዳቱና የሚባል ሌላ አርቲስት ሰው ፊት ልጦ በላው። ከዛ በ2024 ኒው ዮርክ ሰዘቢስ ጨረታ ላይ ከነኮሚሽኑ 6.2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፣ የገዛው የክሪፕቶ ሰውዬ ጀስቲን ሰንም ሆንግ ኮንግ ላይ ጋዜጠኛ ሰብስቦ እሱም በላው።

ለጨረታው የተለጠፈው ሙዝ በዛው ቀን ከመንገድ ዳር ፍራፍሬ ሻጭ በ35 የአሜሪካ ሳንቲም የተገዛ ነበር። ሥራውን ስንት ጊዜ ሳወራው ቆይቼ እኔ የማስበው ስለዛ ሻጭ ነው፣ ካቴላን ስለ ዋጋ ሊናገር የፈለገው ነገር ካለ እሱ ጋ ነው ያለው። የቀረው ሚም ነው፣ እንደ ሚም ደግሞ ጎበዝ ነው፣ አልክድም።

እህል ማባከን ነውር አይደለም? እናቴ ብታይ ምን ትላለች?

ነውር ነው ትላለች፣ ልክም ናት። እንጀራ መሬት ሲወድቅ አንስቶ የሚስም ሰው፣ ዳቦ ሲረገጥ የሚደነግጥ ሰው፣ አንድ ክፍል ሙሉ ምግብ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲያይ ሆዱ ቢቆጣ አይገርምም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ብዙዎቹ ሥራዎች የሚሠሩት ይሄንኑ ቁጣ ቆስቁሰው ነው። አርቲስቱ "ምግብ ተራ ዕቃ ነው" ብሎ ስላሰበ አይደለም፣ ተራ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው እዛ ያስቀመጠው።

እስቲ ሥራዎቹን እንያቸው። ጃኒን አንቶኒ በ1992 ወደ 272 ኪሎ የሚመዝን የቸኮሌት ብሎክና በዛው ልክ የሞራ ብሎክ አስቀምጣ ዳር ዳሩን በጥርሷ ጋጠችው፣ የጥርሷ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የተፋችውን አልጣለችም፣ ከቸኮሌቱ የልብ ቅርጽ ያለው የቸኮሌት ማስቀመጫ ሠራች፣ ከሞራው ሊፕስቲክ። ሴት ልጅ ብዪ አትብዪ ወፍረሻል ከስተሻል እየተባለች የምትኖረውን ኑሮ በጥርስ ማሳየት ይሄ ነው፣ እኔ ይሄን ሥራ ሳየው ብክነት አይታየኝም።

ዲተር ሮት ግን በ1970 ሎስ አንጀለስ ላይ 37 ሻንጣ አይብ ሞልቶ በየቀኑ አንድ አንድ እየተከፈተ ይገማ ነበር፣ ትል በትል፣ ዝንብ በዝንብ፣ በመጨረሻ ሻንጣዎቹ በረሃ ተወስደው ተጣሉ። ይሄኛው አይዋጥልኝም። ስለ ጊዜና ስለ መበስበስ ነው ይላሉ፣ ይሁን፣ ግን መበስበስን ለማሳየት 37 ሻንጣ አይብ አያስፈልግም።

በተቃራኒው ፌሊክስ ጎንዛሌዝ ቶሬስ አለ። ኩባ የተወለደ ነው፣ በ1991 ጓደኛው ሮስ በኤድስ ሞተበት፣ እሱም በዛው ዓመት የባለቀለም ከረሜላ ክምር ጥግ ላይ አፈሰሰ፣ መነሻ ክብደቱ 79 ኪሎ ገደማ ነው፣ የጤነኛ ሰው ክብደት ማለት ነው። እናንተ ትገቡና አንድ ከረሜላ አንስታችሁ ልጣችሁ ትበላላችሁ። ሌላውም ይበላል። ክምሩ ይከሳል፣ በሽተኛ ሰው እንደሚከሳው። ከዛ ሙዚየሙ መልሶ ይሞላዋል። ኤድስ በዛ ሰሞን ባህር ዳር ላይም ሆነ የትም ሰው ቤት ምን እንዳደረገ የሚያውቅ ትልቅ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሄን ሲሰማ ምንም ሳይናገር ቆየና "በልተውት ነው የሚያልቀው?" አለኝ፣ አዎ አልኩት። ፌሊክስ ራሱም በ1996 በዛው በሽታ አረፈ።

ስለዚህ የኔ መለኪያ ቀላል ናት፣ እህሉ በመጨረሻ ሰው ጋ ደረሰ ወይስ ቆሻሻ ጋ? ግን ሁሌ አትሠራም። ካራ ዎከር በ2014 ብሩክሊን ውስጥ ሊፈርስ በተቃረበ የስኳር ፋብሪካ ውስጥ በስኳር የተለበጠች፣ የጥቁር ሴት ፊት ያላት፣ ከ10 ሜትር በላይ የምትረዝም ስፊንክስ፣ ማለትም የአንበሳ ገላ ያላት ሐውልት ሠራች፣ ስኳሩን ማንም አልበላውም። ስኳር ግን በባሪያ ጉልበት ዓለምን የያዘ ምርት ነው፣ ያን ታሪክ በስኳር ካልሆነ በምን ትነግረዋለህ? እዚህ መለኪያዬን ወደ ጎን አደርጋታለሁ። ለማንኛውም ስለ ብክነት ካነሳን፣ የኛ ሠርግ ላይ ማታ የሚደፋው ወጥ ከስንት ኤግዚቢሽን ይበልጣል፣ እሱን ግን ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ጋለሪ ውስጥ ወጥ ሠርቶ ማብላትማ ዝክር ነው እንጂ አርት ነው?

ይሄ ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ነው። ሰውየው ሪርክሪት ቲራቫኒጃ ይባላል፣ የታይላንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። በ1992 ኒው ዮርክ ባለ ጋለሪ ውስጥ የቢሮውን ዕቃና ወረቀት በሙሉ አውጥቶ ሥዕል የሚሰቀልበት ክፍል ላይ አደረገው፣ ከኋላ ባለው ክፍል ደግሞ ድስት ጥዶ የታይላንድ ካሪ በሩዝ እየሠራ ለገባው ሁሉ በነጻ አበላ። ሥራው ካሪው አይደለም። ሥራው እዛ ክፍል ውስጥ የተፈጠረው ነገር ነው፣ ሁሉም ነገር በሚሸጥበት ቦታ አንድ የማይሸጥ ነገር መኖሩ፣ ሥዕል ሊያይ የመጣ ሰው ሳህን ይዞ ከማያውቀው ሰው ጋር ማውራቱ።

ዝክር አይደለም ወይ ላልከው፣ ግማሹን ልክ ነህ። ግን ዝክር ላይ በማን ስም እንደሆነ ይታወቃል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ጠበል ጻድቁ ለጎረቤቱም ለቆሎ ተማሪውም ለነዳያንም ይደርሳል፣ ተራው ለማን እንደሆነ በሚቀጥለው ወር ይታወቃል። እዛ ግን ስም የለም፣ ተራ የለም፣ ነገ ትመጣና ካሪው ላይኖር ይችላል። ኒው ዮርክ ውስጥ ብቻውን ለሚበላ ሰው ያ ትልቅ ነገር ነው፣ ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው ግን "እና?" ያስብላል፣ ያስብለው። አንድ ነጥብ ላይ ደግሞ ዝክሩ በግልጽ ያሸንፋል፣ ጋለሪ ገብተው ከበሉት አብዛኞቹ የአርት ሰዎች ናቸው፣ የራበው ሰው የጋለሪ በር ገፍቶ አይገባም፣ ዝክር ቤት ግን ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ እንደሚደርሰውም ያውቃል።

ከሱ በፊትም ጎርደን ማታ ክላርክና ካሮል ጉደን ከጓደኞቻቸው ጋር በ1971 ኒው ዮርክ ሶሆ ውስጥ "ፉድ" የሚባል ሬስቶራንት ከፍተው ነበር፣ አርቲስቶች በተራ የሚያበስሉበት። አንድ ማታ አጥንት ብቻ ቀረበ፣ በኋላ አጥንቱ ታጥቦ ተበስቶ ክር ገብቶበት ለበሉት ሰዎች የአንገት ሀብል ሆኖ ተሰጠ። ይሄን ሲሰሙ ሁሉም ይስቃል።

የተበላበት ሳህን ግድግዳ ላይ የሰቀለውስ?

ዳንኤል ስፖሪ ነው። እሱን ለማስረዳት ሁሌ ሐይቁ ዳር ያለ የዓሳ ቤት ነው የምጠቀመው። አንድ ሙሉ ጥብስ ዓሳ ለአራት ሆናችሁ በላችሁ እንበል። ስትነሱ ትሪው ላይ ምን ቀረ? ከጭንቅላት እስከ ጅራት የተራቆተ አጥንት፣ ነጭ ሆኖ የፈጠጠ ዓይን፣ ተጨምቆ የተገለበጠ ሎሚ፣ ዳጣ የነካው የእንጀራ ቁራሽ፣ የተጨማደደ ሶፍት፣ ግማሽ የአምቦ ውሃ። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት አንደኛው ወገን በጥንቃቄ ተልጧል፣ ሌላው ተቦጭቋል። ጭንቅላቱን የሚወድ ሰው ከየት በኩል እንደተቀመጠ ይታወቃል። ዳጣውን የፈራው ማን እንደሆነም ይታወቃል፣ ፊቱ ያለው ዳጣ አልተነካም።

ስፖሪ ይሄን ሁሉ እንዳለ፣ ምንም ሳያንቀሳቅስ፣ በማጣበቂያ ከጠረጴዛው ጋር አጣብቆ ጠረጴዛውን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ያቆመዋል። የጀመረው በ1960 ፓሪስ በሆቴል ክፍሉ ውስጥ የፍቅረኛውን ቁርስ ርዝራዥ አጣብቆ ነው። በ1968 ዱሰልዶርፍ ላይ ሬስቶራንት ከፈተ፣ ምግብን የሚመለከተውን አርትም "ኢት አርት" ብሎ ሰየመው። ሩማኒያ የተወለደ ነው፣ ከናዚ ጀርመን ጋር በተሰለፈችው ሩማኒያ አባቱ በ1941 በአይሁድ ጭፍጨፋ ተገድሎበታል፣ እሱ በ2024 ነው ያረፈው። ሰዎች ተነስተው የሄዱበትን ጠረጴዛ እንዳይነካ አድርጎ ማቆየት ከየት እንደመጣ ያንን ካወቅኩ በኋላ ሥራውን እንደ ቀልድ ማየት አቅቶኛል።

እዚህ እንሞክረው ላላችሁ፣ መጀመሪያ ድመቷን አስወጡ፣ ቀጥሎ ጉንዳኑን።

ጣሊያኖች ፓስታ ይቅር ብለው ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ጥቂቶቹ ብለዋል። ፊውቸሪስት የሚባሉት የአርት ቡድን ናቸው፣ መሪያቸው ማሪኔቲ በታህሳስ 1930 የፊውቸሪስት ምግብ አዋጅ አውጥቶ ፓስታ ሰውን ሰነፍና ፈዛዛ ያደርጋል ይወገድ አለ። በ1931 ቱሪን ላይ ምግብ ቤት ተከፈተላቸው፣ ከምግቦቹ አንዱ በቀኝ እጅ ወይራና ምናምን እየበላህ በግራ እጅህ ሐርና ብርጭቆ ወረቀት የምትዳብስበት ነው፣ አስተናጋጁ ደግሞ ሽቶ ይረጭብሃል። ያስቃል። የማያስቀው ይሄው ማሪኔቲ ጦርነትን ሲያሞግስ የኖረ የሙሶሊኒ ወዳጅ መሆኑ ነው፣ በ1935 በፈቃደኝነት ዘምቶ የመጣው ደግሞ እኛ ላይ ነው። ፓስታ ቤታችን ውስጥ ቀረ፣ እሱ የለም።

የዋርሆል የሾርባ ጣሳስ ምኑ ነው?

አሜሪካዊው አርቲስት አንዲ ዋርሆል በ1962 የሠራው 32 ሥዕል ነው፣ ለእያንዳንዱ የካምቤል ሾርባ አይነት አንድ። ለሃያ ዓመት ያህል ምሳዬ ነበር ብሏል። ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የምታየውን ሳይነካ ሳያሳምር ማሳየት ነው፣ ያን ጊዜ አዲስ ነበር፣ አሁን ሁሉም ማስታወቂያ እሱን ስለሚመስል አዲስነቱ አይታየንም።

ሲኒውን በፀጉር የሸፈነችው ሴትዮስ?

ሜረት ኦፐንሃይም፣ 1936። ሲኒ፣ ማስቀመጫና ማንኪያ ገዝታ በሚዳቋ ቆዳ ከነፀጉሩ ለበጠችው፣ አሁን ኒው ዮርክ ሞማ የሚባለው የዘመናዊ አርት ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። ጀበና ቡና ለለመደ ሰው ፎቶውን አሳዩትና ፊቱን እዩት፣ ከንፈሩን ይጠርጋል። ማብራሪያ የማያስፈልገው ሥራ ካለ እሱ ነው።

የሚበሰብስ ሥራ ሙዚየም ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?

አንዳንዱ ይቀየራል፣ እንደ ሙዙና እንደ ከረሜላው። አንዳንዱ በኬሚካል ይጠበቃል። ዞኢ ሌናርድ ግን ሌላ ነገር አደረገች፣ በ1990ዎቹ የብርቱካን፣ የሙዝ፣ የሎሚ ልጣጭ በክርና በዚፕ መልሳ እየሰፋች ቆየች፣ ጓደኛዋ ሞቶባት ነበር። ባለሙያ ልጣጮቹን ማቆያ ዘዴ ሲያገኝላት እምቢ አለች፣ ይድረቁ ይጨማደዱ አለች። ፊላደልፊያ ያለው ሙዚየም ሥራውን ከነመጥፋቱ ገዛው። የተበላ ብርቱካንን መልሶ መስፋት ሞኝነት ነው፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ እንደዛው ነው።

ማዕድ ቤት የሴት ሥራ ነው ተብሎ የለ፣ ሴት አርቲስቶቹ ምን አሉ?

ብዙ አሉ። ጁዲ ሺካጎ ከ1974 እስከ 1979 ከብዙ ሰው ጋር ሆና ባለ ሶስት ጎን ትልቅ ገበታ ሠራች፣ በእያንዳንዱ ጎን 13፣ በጠቅላላ 39 ቦታ በታሪክ ለተዘነጉ ሴቶች፣ ሳህኑ ሸክላ፣ ጨርቁ ጥልፍ። 13ቱ የመጨረሻውን እራት ለማስታወስ ነው። ገበታው ላይ ምግብ የለም፣ ሲያበሉ የኖሩት ሴቶች ዛሬ ተጋባዥ ናቸው። አሁን ብሩክሊን ሙዚየም ውስጥ አለ። ማርታ ሮስለር ደግሞ በ1975 ቪዲዮዋ የማዕድ ቤት ዕቃ በፊደል ተራ እያነሳች ስሙን ትጠራለች፣ አያያዟ ግን የተናደደ ሰው አያያዝ ነው፣ ቢላው ላይ ስትደርስ ወደ ኋላ ትላላችሁ።

እዚህ የቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ መሶብ የሚሸጡ እናቶች ጋ ቁጭ በሉ። በወስፌ እየወጉ ስንደዶና አክርማ ሲያዞሩ ንድፍ የሚያዩበት ወረቀት የለም፣ ቆጥረው ነው፣ አንድ ዙር ላይ ቢሳሳቱ ኮከቡ ጎኑ ይጣመማል። ስማቸው የትም አይጻፍም። እኔ ስለ ጁዲ ሺካጎ ካወራሁ በኋላ ስለነሱ ሳላወራ አላልፍም።

የኛ ሰዓሊዎችስ? ገዳማቱስ ላይ አለ?

አለ። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ክፍል ተከፋፍሎ የሚሳለውን አስታውሱ፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው ሰለሞን ባቀረበው ቅመም የበዛበት ግብርና ሌሊት በጠማት ውሃ ላይ አይደል? ከዘመናዊዎቹ ሰዓሊ ታደሰ መስፍን በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ናቸው፣ "የሕይወት ምሰሶዎች" በሚሉት ተከታታይ ሥራቸው የሚስሉት ገበያ ላይ ቆመው ቁጭ ብለው የሚሸጡ ሴቶችን ነው። ሴቶቹ ትልልቅ ናቸው፣ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ሸቀጡ ከነሱ አይበልጥም። ጉሊት በየቀኑ እያለፍን የማናየውን ነው ያሳዩን። አዲስ አበባ ያለው በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየምም አለ፣ ኤሊያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ያሠሩት፣ አትክልቱ እዛው የሚበቅልበት።

ገዳም ላሉት፣ ጀልባ ይዛችሁ ዘጌ ውጡና በቡናው መሃል ወደ ዑራ ኪዳነ ምህረት ሂዱ። መቅደሱ ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብን ታገኙታላችሁ፣ 78 ሰው የበላው ሰውዬ ነው። የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ለምኖት ጥርኝ ውሃ ሰጠ፣ ነፍሱ ስትመዘን ያቺ ጥርኝ ውሃ ሚዛኑን ደፋችለት። ዘመናዊ አርት አይደለም፣ መሆንም የለበትም። ግን ስለ መብላትና ስለ ማጠጣት ከዚህ የከበደ ሥዕል ኒው ዮርክ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አባቶችን ጠይቁ።

ማኪያቶ ላይ የሚሠራው አበባ አርት ነው?

ሙያ ነው። ጥሩ ሙያ ነው። ጠጡት ይቀዘቅዛል።

እኔ በምግብ መሥራት ብጀምር በምን ልጀምር?

በቡና አተላ። ውሃ ጨምራችሁ ስታጠሉት ጥሩ ቡናማ ቀለም ይወጣዋል፣ ደጋግማችሁ ስትቀቡት ይጠቁራል፣ ወረቀት ላይም ይቆያል። እርድ ሲቀባ ያምራል፣ ፀሐይ ካገኘው ግን ይነጣል፣ መስኮት አጠገብ አትስቀሉት። ቀይ ሥር መጀመሪያ ደማቅ ነው በኋላ ይቦዝዛል። በርበሬ በውሃ አይሟሟም፣ ስር ይዘቅጣል፣ በዘይት ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ወረቀቱ ላይ ይሰራጫል፣ ያን መሰራጨት ከወደዳችሁት ተጠቀሙበት። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ነገር በረሮ ይወዳል። የጉሊት እናቶችን ልትስሉ ከሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ሽንኩርትም ግዙ፣ ቦታ ይዛችሁባቸዋል።

ኤግዚቢሽን ብናዘጋጅ ምን እናቅርብ? ጾም ከሆነስ?

ቀኑን አስቀድማችሁ እዩ። ረቡዕና አርብ ከሆነ ወይ ሁዳዴ ከገባ ቅቤም ወተትም ያለበት ሥራ አታብሉ፣ ግማሹ ሰው ቆሞ ያያችኋል። ዓሳውን ተዉት፣ ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር አንዴ ከተነሳ ሥዕሉን የሚያይ ሰው አይኖርም። ቆሎ በትልቅ ሰፌድ፣ ዳቦ፣ ሻይ። ሰፌዱን ግን በሩ ጋ አታድርጉት፣ መጨረሻው ክፍል አድርጉት፣ አለዚያ ሰው ሁሉ መግቢያው ላይ ቆሞ ይቀራል።